የግልገሉ አንገት

ይመኙሻል ለእንቅርቷ ምርመራ የተሰጣትን ጨረር ያለበት መድኃኒት ልትጠጣ ስትል፣ ሐኪሙ ከአንኮበር በበቅሎ ላመጧት ለባሏ አባት የሚያወራው ጆሮዋ ገባ። ብርጭቆው ከንፈሯ ላይ ቆመ።

«ይህንኑ መድኃኒት ያረገዘች በግ አጠጥተን አረድናት። ጨረር ቆጣሪው መሣሪያ አንገቷ ላይ ጨረር አግኝቶ ተንጣጣ፤ ይግረምዎና፣ በሆዷ የነበረው ግልገል አንገት ላይም ተንጣጣ። ያረገዘችው ጥንቸል ልጆች ላይ ግን ዝም አለ።»

«ሰው ላይስ?» አሉ አማቷ።

«እሱን ገና አላወቅንም። እንስሳው ሁሉ እንደየዘሩ ይለያያል።»

ጠዋት ሐኪሙ «ፅንስ አለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት አማቷ አጠገቧ ቆመው ነበር። ሆድ ሳይገፋ ለአማት እርግዝና አይነገርምና፣ አንገቷን ደፍታ «የለኝም» ብላለች። ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

«ምነው ልጄ፣» ሳቁ አማቷ፣ «በጓ እንኳ ሳትፈራ የጠጣችውን!»

አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትነካት ፈርታ፣ ከንፈሯን ገጥማ ብርጭቆውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ብቻዬን አይደለም የምጠጣው።»