የእማማ ዘነቡ ድምፅ

ትርንጎ ከሥራ ዝላ ገብታ ሽሮ ጣደች። ብዙም ሳይቆይ ምድጃው «ሊገነፍል ነው፣ ቶሎ በይ» አላት፤ በሟች እናቷ ድምፅ።

እናቷ እማማ ዘነቡ ተረት አዋቂ ነበሩ። ከመሞታቸው በፊት ትርንጎ ራሷ ሙዚየም ወስዳ ስድስት ተረት አስቀረጸቻቸው። ኋላ ግን ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ስብስባቸውን በአንድ የጋራ ድረ ገጽ እንዲያወጡ፣ ማንም ሰው የወደደውን ወስዶ ላሻው ነገር እንዲጠቀምበት ታወጀ። የእማማ ዘነቡ ድምፅ ለዛ ስላለው ብዙዎች ወስደው በማሽን ያሻቸውን ቃል ያናግሩት ጀመር። አሁን እማማ ዘነቡ ባቡር ውስጥ «በሩ ሊዘጋ ነው» ይላሉ፤ ባንክ ቤት ወረፋ ይጠራሉ።

ትርንጎ የዚያን ዕለት ጠዋት ድምፁ ከድረ ገጹ እንዲነሣላት ሙዚየሙን ለምና ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ እኛ ብናጠፋው እንኳ በየሰዉ እጅ የገባውን ማን ይሰበስበዋል?» አላት።

የስድስት ዓመት ልጇ ማኅሌት ወደ ምድጃው ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ ይቺ አያቴ ናት አይደል? አንቺን ማን እያለች ነበር የምትጠራሽ?»

ትርንጎ ለማስታወስ ሞከረች። ጆሮዋ ላይ የመጣው ግን «በሩ ሊዘጋ ነው» የሚለው ብቻ ነበር። ሽሮው ሳይበስል ምድጃውን ከሶኬቱ ነቀለችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቆይቶ እናቷ ይጠሯት የነበረው ስም መጣላት፤ ድምፁ ግን አብሮት አልነበረም።

«እንኮዬ» አለች፣ በራሷ በሰለለ ድምፅ።

«አቤት» አለቻት ልጇ።