የሚያዝያ ጣሪያ

«ዛንዚባር ለመሄድ የትኛው ወር ይሻላል?» እለዋለሁ አባባን። ልሂድ ወይ አልልም።

ሦስት ቀን ሙሉ ሳገላብጠው የከረምኩት ጥያቄ ነው። ልሂድ ወይ ብዬ ብጠይቀው በአንድ ቃል ይመልሰኛል። የትኛው ወር ብለው ግን ነጋዴ ነውና ያስባል። አሁን ሚስማር እየመዘነ ነው፤ የሚዛኑ መርፌ እስኪቆም አይመልስልኝም።

«ዛንዚባር ደሴት ነው አይደል?» ይላል በመጨረሻ። «ከማን ጋር?»

«ከቃልኪዳን ጋር። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረችው።»

ሥራችንም አንድ ነው። ጎንደር ቁጭ ብለን፣ አይተነው ለማናውቅ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ጽሑፍ እናርማለን። መሥሪያ ቤቱ በዓመት አንድ ወር ከፈለጋችሁት አገር ሆናችሁ ሥሩ ይላል። ዛንዚባር ያገኘነው ቤት የአንዲት ባልቴት ነው፤ ሞዛ ትባላለች። ወሩን እስከ ዛሬ ማታ ካልነገርናት ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች።

«ጥር ላይስ?»

«የሰልማ ሰርግ አለ።»

«የእህትሽን ሰርግ ታስታውሺ እንደሆን ብዬ ነው። ሐምሌስ?»

«ሐምሌ እዚያ ደረቅ ነው፤ እንግዳ ይበዛል። ቤቱ ተይዟል።»

አባባ ሚስማሩን አስቀምጦ ቀና ይላል። «ሐምሌ ደረቅ? ታዲያ ክረምታቸው መቼ ነው?»

«ሚያዝያ። ኅዳርም ይዘንባል፣ የእሱን ያህል ግን አይደለም። ፋሲካ ቀደም ስለሚል፣ ዒድም ፋሲካም አልፎ የሚቀረን ወር ሚያዝያ ነው። ዋጋውም በግማሽ ይቀንሳል፤ ዝናቡን ፈርቶ ማንም አይሄድም።»

አያ ቢሻው ከሳንጃ የመጣ ደንበኛ ነው። የመጀመሪያውን ሰሊጥ ሸጦ ቆርቆሮ ገዝቷል፤ እስኪታሰርለት ድረስ በሩ አጠገብ ክምሩ ላይ ተቀምጧል። «ምነው ልጄ፣ ሰው የሚሸሸውን ዝናብ አንቺ ፍለጋ ትሄጃለሽ?» ይለኛል።

ፈገግ እላለሁ።

«ጣሪያው ምንድን ነው?» ይላል አባባ።

የቤቱን ፎቶ አሳየዋለሁ፤ አልጋ፣ አጎበር፣ መስኮት፣ በመስኮቱ ባሕር። በጣቱ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከአጎበሩ በላይ ግን ፎቶው የለም። «ቤት አከራይ ጣሪያ አያሳይም» ይላል። ጠይቂያት ሳይለኝ ስልኩን ከእጄ ወስዶ የድምፅ መቅጃውን ይጫናል።

«አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ» ይላል፣ ከባንኮኒው ማዶ ለቆመ ሰው እንደሚናገር ጮክ ብሎ። ከዚያ ወዲያ የሚላት ነገር ስለሌለው ይልከዋል።

ፊቴ ይግላል። ሴትዮዋ ምን ትላለች እያልኩ የጣሪያውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጽፌ አስከትላለሁ። ብዙ አልቆየችም፤ እሷም በድምፅ መለሰች። አባባ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል።

«ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ» ትላለች ሞዛ። ቀጥላ ስትስቅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያለችውን ዝናቡ ዋጠው፤ ሱቁ በሙሉ ቆርቆሮ ላይ በሚወርድ ዝናብ ተሞላ።

አያ ቢሻው ዘሎ ተነስቶ ወደ በረንዳው ይወጣል። አንገቱን አቅንቶ ሰማዩን ያያል። የኅዳር ሰማይ ነው፤ ደመና የሚባል የለበትም።

«አያ ቢሻው፣ ሰሊጥህ ዛንዚባር ነው እንዴ የቆመው?» ይላል አባባ።

«ተወኝ እስቲ ዐብዱ። ግማሹ ገና ሜዳ ላይ ነው፤ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች።» ተመልሶ ይቀመጣል፤ ዐይኑ ግን ከበሩ አይነሳም።

አባባ አልሳቀም። ድምፁን እንደገና ከፍቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ሲያልቅ እንደገና። ሠላሳ ዓመት ቆርቆሮ የሸጠ ሰው ነው፤ ስንት ጣሪያ ሲሰማ ኖሯል።

«ኮርኒስ የለውም» ይላል።

አለቀ፣ እላለሁ በልቤ።

«በዚህ ጩኸት ውስጥ የኮምፒውተር ስብሰባሽ ላይ እንዴት ታወሪያለሽ?»

«እጽፍላቸዋለሁ።»

የእኛም ቤት ኮርኒስ የለውም። ክረምት ላይ ዝናቡ ስብሰባዬ መሃል ሲመጣ፣ ማይክሮፎኔን ዘግቼ ሐሳቤን እጽፋለሁ። ሌሎቹ ያነቡታል። ረውዳ ተናገሪ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ የሚለኝ የለም። ሚያዝያን ሳየው ልቤ ያዘነበለው ለዋጋው ብቻ እንዳልሆነ ለቃልኪዳንም አልነገርኳትም።

«ክረምት ላይ ከስብሰባ ስትወጪ ፊትሽ ሌላ ነው» ይላል አባባ። ይህን ሲል ሚዛኑን ነው የሚያየው።

ከባንኮኒው ላይ አንድ ሚስማር አንስቼ እይዛለሁ።

«ቆርቆሮው ወፍራም ነው፤ ዛሬ እንዲህ ዓይነት አይመጣም። ዳር ላይ አንዱ ግን ላልቷል። ስሚው።» ስልኩን ወደ ጆሮዬ ያስጠጋል። እኔ ዝናብ ብቻ ነው የሚሰማኝ። «ትክ ትክ የሚለው። ሚስማር አስመቺበት በያት። እስከ ሚያዝያ ጊዜ አላት።»

እስከ ሚያዝያ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ለመሆን እየጣርኩ ስልኩን እቀበለዋለሁ።

«ሲዘንብ ደግሞ ትደውይልኛለሽ» ይላል።

«ሲዘንብ አይሰማም እኮ አባባ።»

«አንቺን ማን አውሪ አለሽ? ቆርቆሮውን ነው የምሰማው።»

ለሞዛ ወሩን እጽፍላታለሁ፣ ከሥሩም የሚስማሩን ነገር። ቀና ስል አባባ ከባንኮኒው ወጥቶ አያ ቢሻው አጠገብ ቆሟል። የላይኛውን ቆርቆሮ ጫፉን አንስቶ በጣቶቹ ቀስ ብሎ ይመታዋል። ጆሮውን አዘንብሎ ጥቂት ይጠብቃል። አሁን ደግሞ እንደሚጠነክር ዝናብ ፈጠን አድርጎ ይመታዋል።