ቮልሷ አትሸጥም

በላይና ፋናዬ የተጣሉት በመኪና ነው። መጣላት ከተባለ ማለት ነው፤ ብዙ ዘመን አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ነገር ሲከርባቸው ድምፅ አይጨምሩም፣ ሳህኑን ኳ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት።

መኪናዋ ናፍጣ የምትጠጣ አሮጌ ፓሳት ናት። በላይ ግን "ቮልስ" ይላታል፤ የዚያው ፋብሪካ ልጅ ስለሆነች አልዋሸም። በሚኖሩበት የኦስሎ ሰፈር፣ አመሩድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በኤሌክትሪክ መኪና ድምፁን አጥፍቶ ሲሄድ እሷ ብቻ ጠዋት ጠዋት እያጉረመረመች ትነሳለች።

"ሽጣትና እንደ ሰው እንሁን" አለችው ፋናዬ ባለፈው ሳምንት። "ደግሞ የምትመካበት ፋብሪካ የመኪኖቹን ጭስ ልክ ደብቆ ዓለምን የዋሸ አይደለም እንዴ?"

"የዋሸው ቢሮው ነው። ብረቱ አልዋሸም።"

"እምቢ ካልክ ሽማግሌ ነው የምልክብህ።"

እየሳቀች ነው ያለችው። በላይ ግን የምሯን መስሎት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በሆዱ ይዞ ሰነበተ።

እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሙ በየነ መጥቶ እስኪቀመጥባት ድረስ አትሸጥ። በየነ ታላቁ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአረንጓዴ ቮልስ መንዳት ያስተማረው እሱ ነው፤ ከትምህርቱም ግማሹ መግፋት ነበር። በላይ ሲሰደድ፣ "አንድ ቀን በራሴ ቮልስ ከኤርፖርት እቀበልሃለሁ" ብሎት ወጣ። ቪዛው ስንት ጊዜ ተከልክሎ አሁን ገና ተሰጠ። በየነ ቅዳሜ ይገባል። በላይ ሰውነቱ ዝሎ፣ ብዙ ነገር ሰልችቶት የሚኖር ሰው ነው፤ ቅዳሜን ግን እንደ ልጅ ይጠብቃታል።

ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉን ሲያጸዳ አድሮ ልብሱን እየቀየረ ሳለ አለቃው ማርያ መጣች።

"ይህን ሳምንት አትግባ" አለችው። "ፋናዬ ደውላልኛለች።" ከዚያ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ማርያ ሰው የምትነካ ሴት አይደለችም።

በላይ ተናደደ። መኪና ለማሻሻጥ ፈቃድ ሁሉ ተወስዶለታል። መናደድም ግን አቅም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ልብሱን ቀይሮ ወጣ።

መኪናዋ ዘንድ ሲደርስ ታደገ ተደግፏት ቆሟል። ታደገ የቤተ ክርስቲያን ወዳጁ ነው፣ ታክሲ ይነዳል።

"ቁልፉን አምጣ። ዛሬ የምነዳው እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ደክሞሃል።"

"መቼ ነው ያልደከመኝ?"

ታደገ እጁን እንደዘረጋ ቆየ። "ቁርስ በልተሃል?"

"ናይ፣ አልበላሁም። ቤት እበላለሁ።"

"እዚሁ ብላ" አለና ከጃኬቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አወጣለት። በላይ ዳቦውን አየ፣ ታደገን አየ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። እርቦት ስለነበር በላው፣ ቁልፉንም ሰጠ።

ታደገ በወትሮው ወሬውም እግሩም ፈጣን ነው። ዛሬ ቀስ ብሎ ነዳ፣ ሬዲዮውንም ዘጋው። ሞተሯን እያዳመጠ ነው፣ አለ በላይ በልቡ። ገዢው ራሱ ታደገ ሳይሆን አይቀርም።

ለበየነ ደወለ። ጠራ፣ ጠራና ተቋረጠ።

"ከእሑድ ጀምሮ አያነሳም" አለ።

"ሰው ሊጓዝ ሲል ይሯሯጣል" አለ ታደገ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። ፋናዬም ትናንት ቃል በቃል እንዲሁ ብላ ነበር።

ፎቁ ላይ ወጥተው የቤቱ በር ሲከፈት በላይ መጀመሪያ ያየው ጫማ ነው። መተላለፊያው በጫማ ሞልቷል። ሳሎን ውስጥ ቀሲስ ገነነ፣ ከሊንደበርግ ሰፈር የመጡት እትዬ እልፍነሽና ሌሎች የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሰዎች ተቀምጠዋል። ሲገባ ሁሉም ተነሡ። ፋናዬ ያለችውን አደረገችው፣ አለ በላይ በልቡ።

"ተቀመጡ" አለ። "ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ።"

ቀሲስ ገነነ ቀና አሉ። "ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ እንጂ፣ ልጅ ነኝ እንዴ? ግን መጀመሪያ እኔን ስሙኝ፣ ቀሲስ።"

"እሺ ልጄ" አሉ ቀሲስ፣ በጣም ቀስ ብለው። "ተናገር።"

በላይ መንገድ ለመንገድ ሲያሰላስለው የመጣውን ሁሉ አወጣው።

"ይህ የምትንቁት ፋብሪካ የተወለደው በክፉ ሰው ዘመን ነው። የዓለም ጦርነቱ ሲያልቅ ጣሪያው በቦምብ ረግፎ ነበር። ፍርስራሹ ውስጥ ቆመው እንደገና አስነሡት። ከዚያ የወጣች ቮልስ ናት እንጦጦን ይዛን የወጣችው፤ በየነ አጠገቤ ተቀምጦ 'ማርሹን አታንገጫግጨው' እያለ ይስቅብኝ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ይምጣ። ይቀመጥባት። በመስኮቱ ኦስሎን ይይ፣ እንደ ዱሮው ይሳቅብኝ። ከዚያ ወዲያ ሽጧት፤ እኔም ደክሞኛል። የምለምናችሁ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው።"

ማንም አልተከራከረውም። እትዬ እልፍነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ታደገ የመኪናዋን ቁልፍ በመዳፉ ውስጥ ጨብጦ በሩ ላይ ቆሟል።

በላይ እንዲህ በቀላሉ እረታለሁ ብሎ አላሰበም። ደስ አለው፤ ፋናዬም አሳዘነችው። ሽማግሌ ሰብስባ መሸነፍ ደስ አይልም።

"ፋናዬ" ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ። "ነይ ውጪ፣ ታርቀናል።"

ፋናዬ ወጣች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች።