ቀዳዳው አፍ

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴን ጅብ ይብላው። አንዱ ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር መሰላሉ ተሰበረበት። ወዲያው የነሐሴ ዶፍ ወረደና ጎርፉ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ውሃው ጉልበቱን ሲያልፍ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ።

ከአጥሩ ውጪ የሚያልፉት እትዬ ዘርትሁን ድምፁን ለዩት።

«አንተ ነህ እንዴ? እንዴት ዋልክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!» አለ አፉ፣ ባለቤቱን ሳያማክር። እሳቸውም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ውሃው ደረቱ ደረሰ። ጋሽ ደምለው መጡ።

«ሰላም ነው ጎረቤት?»

«ሰላም፣ ተመስገን!» አፉ ዳግመኛ ቀደመው።

ውሃው አንገቱን ሲነካው፣ አፉን በመዳፉ አፈነው። የሚናገረውን ቃል በቃል አሰበ። ደግሞ ኮቴ ሰማ።

«እንዴት ነህ ወዳጄ?» አለ አንድ መንገደኛ።

መዳፉን አነሳ። «ደህና አይደለሁም! ልሰምጥ ነው!»

«ተመስገን! ልጆችስ ደህና ናቸው?» አለ መንገደኛው፣ ኮቴው እየራቀ።

ኋላ ሰፈርተኛው ደርሶ በገመድ ጎትቶ አወጣው። እንዳልኳችሁ ሁሉም እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት ነገር ቢኖር መውጣቱን ነው።