የለችም የሚለው በር

ወዳጆቼ፣ የቤታችሁ በር የሰማውን ሁሉ የሚያስታውስ ቢሆን ምን ይውጣችሁ ነበር?

በእትዬ ይታይሽ ዘመን በር ሁሉ እንደዚያ ነው። ቁልፍ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ በሩ ሰውን በድምፁ አውቆ ይከፍታል። የእሷ በር ግን ትዝታ በዝቶበት መዘባረቅ ጀመረ። ቅዳሜ ዕለት የነፍስ አባቷ ቢያንኳኩ፣ "የለችም በል ብላኛለች" አላቸው። ለወሬኛ ጎረቤቷ ብላ ያስተማረችው ነበር።

"ውይ በሞትኩት!" አለች እትዬ ይታይሽ።

ልጇ ትርሲት በሳቅ ሞተች። "ጥፋቱ ከምን እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ በስውር አሠራር እንሞክረው፣ እማዬ። በስውር ሲሠራ ያለፈውን አያስታውስም።"

"ከእግዚአብሔር ምን ይሰወራል፣ ልጄ? እሺ፣ ሞክሪው።"

ትርሲት በስውር አድርጋው ከደጅ ብትጣራ፣ በሩ ወዲያው ተከፈተ። "እንግዳ፣ ይግቡ" አላት።

"አየሽ? ጥፋቱ የትዝታው ነው። እናጽዳውና እንገላገል።"

"ቆዪ! እንደነበረ መልሺው" ብላ እትዬ ይታይሽ ወጣችና እሷም ከደጅ ተጣራች።

"መጣሽ የኔ ጎበዝ? ጭቃሽን አራግፊ" አለ በሩ። ባሏ ወንድይፍራው ከማረፉ በፊት ያስተማረው ነው።

እትዬ ይታይሽ ጭቃ ባይኖረውም ጫማዋን አራገፈች። "ይኼም ይጠፋል?"

"ሁሉም ነው የሚጠፋው፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ከነቅጥፈቱ ይቀመጥ። አባን እኔው ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

እባካችሁ፣ ወደ እሷ ቤት ስትሄዱ በሩ "የለችም" ቢላችሁ አትመኑት፤ በጓሮ ዞራችሁ ጥሯት።