ዳኛውና የተነፋችው ላም

ኪማዮ ኬንያ ውስጥ ናኩሩ ከተማ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ቤቱና ሚስቱ ሩቅ፣ ናንዲ በሚባለው ገጠር ናቸው፤ ልቡ ግን ያለው ስልኩ ውስጥ፣ አርባ ሺህ ላም አርቢ በተሰበሰበበት ቡድን ላይ ነው። ቡድኑን የሚመራው እሱ ነው። እዚያ «ዳኛው» ይሉታል። እውነተኛ ስሙን ማንም አያውቅም፤ አንድ ጊዜ እሱ ራሱ «ደደብ» ያለው አንድ አባል ዱላ ይዞ መጋዘኑ ድረስ ስለመጣበት ስሙን መደበቅ ግድ ሆኖበታል።

ላም ያውቃል፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ድሮ ለጠየቀው ሁሉ በትዕግሥት ይመልስ ነበር። በየሠርጉና በየለቅሶው «እዚያ ቡድን ግቡ፤ ያልተመለሰ ጥያቄ የለም» እያለ፣ መሪው እሱ መሆኑን ግን ሳይናገር፣ ሰውን ይሰብክ ነበር።

አምና ግን ማማ ሻሮን የምትባል መጣች። «ላሜ ወተት ነጠፈባት፣ ቶሎ ድረሱልኝ» ብላ አለቀሰች። ኪማዮ ምሳውን ትቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ መለሰላት። ከሥር አንድ ሌላ ሰው ብቅ አለና «የኔዋን ያዳናት ይህ ዱቄት ነው» አለ። ስንቱ ሞኝ ተሻምቶ ገዛ። ዱቄቱ ኖራ፣ ማማ ሻሮንም ሻጩ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ወዲህ ኪማዮ ሕግ አወጣ፦ ፎቶ የሌለው፣ የላሟን ዕድሜና ዝርያ ያልጻፈ ጥያቄ አይመለስም።

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ ታፕኪጌን እንደ ልማዷ ደወለች። ሌሊቱን ሲዘንብ ማደሩንና የበረቱ አጥር መላላቱን ነገረችው።

«ቅዳሜ መጥቼ አጠብቀዋለሁ አልኩሽ እኮ!» አላት። ይህን ሲላት ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ቡድኑን ተቀላቀለ። ስሙ «ጃፌት ኬ.» ይላል፤ እንዲህ ያለ ስም በዚያ አገር በየደጁ ሞልቷል። ገና ከመግባቱ ጻፈ፦

«ላም እርጥብ የአልፋልፋ መኖ በላች። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፋ። ምን ላድርግ? እባካችሁ ቶሎ።»

የኪማዮ ደም ፈላ። ፎቶ የለ፣ ዕድሜ የለ፣ ዝርያ የለ። ያቺ ኖራ ሻጭም «ቶሎ» ነበር ያለችው።

«ሕጉን አንብብ!» ሲል ጻፈ። «ፎቶው የታለ?»

«አልሄድ አለኝ። ኔትወርኩ ደካማ ነው።»

«ለወሬ ሲሆን ግን ኔትወርክ አለህ!»

ቡድኑ በሳቅ ተንጫጫ። ኤልዶሬት ከተማ ያለ አንድ አባል «ዳኛው፣ ንገርልን! ዱቄቱ ከኋላ እየመጣ ነው» አለ።

በዚህ መሀል ስልኩ ጠራ። ታፕኪጌን ናት። ደግሞ ስለ አጥሩ ልትነዘንዘው! ዘጋው። አሁንም ጠራ። በጠራ ቁጥር መጻፊያው ከፊቱ እየጠፋ ቢያስቸግረው ስልኩን ጥሪ እንዳይቀበል አደረገው።

መድኃኒቱን ኪማዮ ያውቀዋል። ላሟን ፊቷን ወደ ዳገት አዙሮ ማቆም፣ አፏ ውስጥ እንጨት ማጋደም፣ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ማጠጣት። ሦስት መስመር አይሞላም። አልጻፈም። አንዲት ሴትዮ አዝና «ዘይት አጠጣት…» ብላ ስትጀምርም ጽሑፏን አጠፋባት። ሕግ ሕግ ነው!

«ወደቀች» አለ ጃፌት። «ጎረቤት ጎኗን በቢላ ወግቼ ላስተንፍሳት ይላል። ግን ባለቤቱ ሩቅ ነው፤ አልተገኘም። ያለሱ ቃል ቢላ የሚያነሳ የለም። መውጋቱ ልክ ነው? የሚያውቅ ሰው ልክ ነው ካለኝ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

ይህ ነገር ናንዲ ውስጥ ቀልድ አይደለም። የሰው ላም ላይ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ቢላ ያነሳ፣ ላሟ ከሞተች ከነልጅ ልጁ ቂም ይያዝበታል። ኪማዮም ይህን እያወቀ ይበልጥ ተቃጠለ። አጭበርባሪው የአገሩን ወግ ሳይቀር አጥንቶ መጥቷል!

«ጭራሽ ላሟ ያንተም አይደለችም!» ሲል ጻፈ። «መገረፍ ያለበት መጀመሪያ ላሙን ጥሎ የጠፋው ባለቤት ነው። ሂድና እሱን ጠይቀው!»

ሁለት መቶ ሰው ወደደለት።

«ስለ እግዚአብሔር ብለህ፣ ወንድሜ። ምላሷ ወጥቷል። ይወጋት ወይስ አይውጋት? አንድ ቃል ብቻ።»

«አይውጋት» አለው ኪማዮ። «አንተም ውጣ።» ከቡድኑም አባረረው።

ምስጋናው ጎረፈ። «እንዲህ ነው ዳኛ!» አሉት። ኪማዮ ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በሱኩማ ጎመን አድርጎ፣ ከአምና ወዲህ ባላየው ደስታ በላ። ማማ ሻሮንን ዛሬ ገና የተበቀላት መሰለው።

እጁን ታጥቦ ሲያበቃ ስልኩን ጥሪ እንዲቀበል አድርጎ መለሰው። ወዲያው ጠራ። ልቡ ስለሞላ በሳቅ አነሳው።

«እሺ፣ እሺ፣ አጥሩን ቅዳሜ አጠብቀዋለሁ!»

«አጥሩን ተወው፣ የጄሮቲች አባት፤ የምታጥርላት ላም ሞታለች» አለች ታፕኪጌን፤ ድምፅዋ ሰልሏል። «አንተን ባጣህ ጊዜ የጎረቤታችንን የጃፌትን ስልክ ተውሼ፣ ያልተመለሰ ጥያቄ የለም ወደምትለው ቡድን ገብቼ ነበር። እስቲ ንገረኝ፣ ዳኛው የሚሉትን ሰውዬ ታውቀዋለህ?»