የተገለበጠው ዳቦ

ኦርኔላ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከአማቶቿ ጋር ማዕድ ስትቀርብ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በጣሊያኗ የሉካ ከተማ የነሐሴ ምሽት ነው፤ ከምግብ ቤቱ ደጅ፣ ከወይኑ ሐረግ ሥር ተቀምጠዋል። ፓስታው ገና አልመጣም። ፊቷ ያለው ዳቦ ግን ተገልብጧል። አቃናችው።

"የተገለበጠ ዳቦ የገዳይ ድርሻ ነው ትል ነበር እናታችን" አለች የባሏ እህት ቱሊያ፣ ወይን እየቀዳች።

"አንቺው ገልብጠሽ አንቺው ትተርቺብኛለሽ?"

"እኔ ምን በወጣኝ።"

ኦርኔላ አስተናጋጁን ለመጥራት ዞር ብላ ስትመለስ ዳቦው እንደገና ተገልብጧል።

"ቱሊያ፣ እጅሽን ሰብስቢ።"

"እጄማ ይኸው።" ቱሊያ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሌሎቹም እንደሷ ዘረጉ።

ኦርኔላ ዳቦውን አቃንታ በመዳፏ ተጫነችው።

"ወንድሜ በሞተበት ምሽት ምን አበላሽው?" አለች ቱሊያ።

ኦርኔላ ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ ዳቦው ከመዳፏ ሥር ቀስ ብሎ መገልበጥ ጀመረ።